ሰባት ደቂቃ በመጨረሻው ፌርማታ

ነርሷ ወረቀቱን አየች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤
«እንዳላማው፣ ስኳርህ ወጥቷል» አለችኝ።
«በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርህ ሂድ» ብላ፤
ልክ እንደ ውሃ ጠጣ፣ ልክ እንደ ዳቦ ብላ።

የትኛውን ግማሽ? ንገሪኝ እህቴ፤
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መሪ ላይ ነው ሕይወቴ።
ነታንያ ሳትነቃ፣ ባሕሩ ሲያዛጋ፣
አውቶቡሴ በሯን ትከፍታለች ገና ሳይነጋ።
ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ወታደሩ፣
ካርዳቸውን ነክተው እንቅልፍ ሲቀጥሩ፣
እኔ የሰው እግር ነኝ፤ ስንቱን አመላለስሁ፣
የራሴን ግን እግር ፔዳል ላይ ረሳሁ።

ያውም የማን እግር!
ከወገራ ሱዳን፣ በስምንት ዓመቱ፣
ወር ሙሉ የሄደ ከኋላ ካባቱ፤
ዛሬ ከሱቅ ደጃፍ ማቆሚያ ሲያጣ
ሦስቴ ይዞራል እንጂ ከመኪናው አይወጣ።
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፤
ልጅ ሳለሁ ያሥቀኝ ነበር፣ አሁን ያስቀናኛል።

እናም አሰብሁበት።
ግማሽ ሰዓት የለኝም፣ እንደ ድፍን ብር ታጥፎ ኪሴ የገባ፤
ዝርዝር ግን አለኝ።
መጨረሻው ፌርማታ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ከባሕሩ ፊት፣
ሰባት ደቂቃ አለች ሞተር የሚጠፋባት።
ሰባት በአራት ሲባዛ ሃያ ስምንት ነው፤
ሁለቷ ከደረጃው ትምጣ፣ ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንዴ ዞርኋት አውቶቡሴን፣
በሬ እንደሚገዛ ሰው ጎኗን እየዳበስሁ።
ግሪሻ፣ የሌላው መስመር ሾፌር፣
ባንድ እጁ ቡሬካስ፣ ባንድ እጁ ሲጋራ፣
«ጎማ ተነፈሰ?» አለኝ።
«ጎማውስ ደህና ነው፤ የምተነፍሰው እኔ ነኝ።»
ቀልዱ በዕብራይስጥ አይሠራም፤ ብቻዬን ሣቅሁ።

ከመሪው ጎን ውሃ አኖርሁ።
ውሃ ግን መዘዝ አለው፤ ሽንት ቤቱ መነሻው ላይ ብቻ ነው፤
ስለዚህ ጉንጬን በፌርማታ ቆጥሬ እጠጣለሁ።
ቀይ መብራት ሲያስረኝ
ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ አነሣለሁ፣ እለቃለሁ፤
አንዲት ወታደር በመስታወቱ አይታኝ
«እስክስታ ነው?» አለች፤ «መድኃኒት ነው» አልኋት።
ከቡሬካስ ይልቅ ካሮት ይዤ መጣሁ፤
እውነቱን ልናገር? ካሮቱን በልቼ ቡሬካሱን ገዛሁ።

ሐሙስ ዝናብ ጣለ፤ አልወረድሁም።
ዓርብ ሰው ለሰንበት ይሸምታል፣ ጥድፊያ ነው፤ አልወረድሁም።
እሑድ ጉልበቴ ጠየቀኝ፦
«ምነው፣ ወዴት ጠፋህ?»

በዚያው እሑድ እትዬ ባይሁሽ፣
መነሻ ሰዓቷን ስትጠብቅ ከፊተኛው ወንበር፣
ሁለት ዙር ስዞር አይታ፣ ሦስተኛውን ስጀምር፣
በመስኮቱ ብቅ አለች፦
«ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»
«ግማሽ ሰዓት» አልኋት።
ዘንቢሏን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣
ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።
«ብቻህን አታገኘውም፤ ቆይ ላፋልግህ» ብላ ወረደች።

እርምጃዋ ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ይፈጃል።
በኋላው በር ስናልፍ ባሕሩ ይታያል፤
በየዙሩ ትቆማለች፣
አዲስ እንደ መጣ እንግዳ ታየዋለች።
ግሪሻ ሲጋራውን አልጣለም፤
ግን መጣ። ከኋላችን፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣
የሆነ የሩሲያ ዜማ እያፏጨ።

ስምንተኛዋ ደቂቃ እንዴት እንደ ገባች አላየኋትም።

ማታ ቅጽ ሰጡኝ። «የመዘግየት ምክንያት» ይላል ሣጥኑ።
«የመንገድ መጨናነቅ» ብዬ ሞላሁ።
አልዋሸሁም፤
መንገዱ ላይ ሦስት ሰዎች ነበርን።